የባሕር ካርታን በቤት ኮምፒውተር ስለ መመልከት

ባሕር በሌለው አገር የሚኖር ተማሪ ስለ ባሕር ካርታ ለመጻፍ መነሣቱ ሳያስደንቃችሁ አይቀርም። ጓደኞቼም ርእሱን ገና ሲሰሙ «ለመሆኑ መርከብህን የት ልታቆማት ነው?» እያሉ ቀልደውብኛል። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜ የባሕረኛነት ትምህርቱን ባሕር ዳር ላይ ፈጽሞ በአንድ የዕቃ መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ከተቀጠረ እነሆ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እናታችን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዕለት ዕለት የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ወንድምህ ዛሬ የት ደረሰ? ያለበትስ ውሃ ለመርከቡ ይበቃዋል ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ በቤታችን ባለው አሮጌ ኮምፒውተር የባሕር ካርታ መክፈትንና ማንበብን ተማርሁ። የተማርሁትም በመሳሳት ስለ ሆነ፥ ስሕተቴንም ሳልደብቅ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የምናየው ካርታ በይበልጥ የሚያሳየን የብሱን ነው። ተራራው፥ ወንዙ፥ ከተማውና አውራ ጎዳናው በየቀለሙ ተለይቶ ይታያል፤ ባሕሩ ግን ባዶ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የባሕር ካርታ የዚህ ተቃራኒ ነው። የብሱ አንድ ዓይነት ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ዝም ይባልና፥ ከባሕር ላይ ሆነው የሚታዩት ነገሮች ብቻ፥ ማለት የመብራት ግንብ፥ ረጅም የጭስ መውጫ፥ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፥ ድልድይና የመሳሰሉት ይመለከቱበታል። ባሕሩ ግን ከዳር እስከ ዳር በቍጥር የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ቍጥር በዚያ ቦታ ያለውን የውሃ ጥልቀት ይናገራል። የባሕር ውሃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ስለሚል፥ ጥልቀቱ የሚጻፈው ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ ያለው ነው። በኒው ዮርክ ወደብ ለምሳሌ በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1.4 ሜትር ያህል ነው። ካርታ ሠሪው ዝቅተኛውን የጻፈው መርከበኛው ከጠበቀው ያነሰ ውሃ እንዳያጋጥመው ነው።

ቻርትፕሎተር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በጀልባ መሪ አጠገብ የሚተከል፥ ውሃ የማያስገባ መስተዋት ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ጀልባው ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ጂ ፒ ኤስ ነው፤ ሁለተኛው በትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ የተጻፈው ካርታ ነው፤ ሦስተኛው ሁለቱን አገናኝቶ በካርታው ላይ ጀልባውን እንደ ትንሽ ምልክት የሚያሳየው ፕሮግራም ነው። ከነዚህ ከሦስቱ ውስጥ ከጀልባ ጋር አብሮ የተወለደ አንድም የለም። ስለዚህ ካርታውና ፕሮግራሙ በቤት ኮምፒውተር ላይ ከተገኙ፥ ሰው በሳሎኑ ተቀምጦ መርከበኛው የሚያየውን ማየት ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ክረምቱን ይህንኑ ሲያደርጉ ያሳልፋሉ። በትልቁ የቤት መስተዋት ላይ የጉዞ መሥመራቸውን ነጥብ በነጥብ ይነድፉና፥ ጂ ፒ ኤክስ በሚባል የፋይል ዓይነት አድርገው ወደ ጀልባው መሣሪያ ያሻግሩታል። በትልልቅ የንግድ መርከቦች ላይ ያለው ግን ኤክዲስ የሚባል፥ ከ2012 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ በዓለም አቀፍ ሕግ የታዘዘ መሣሪያ ነው። የቤት ኮምፒውተር የእርሱ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ወደ ሥራው ልግባ። በኮምፒውተር የሚታይ የባሕር ካርታ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የወረቀቱ ካርታ ፎቶግራፍ ነው፤ ስታቀርቡት ፊደሉም ቍጥሩም አብሮ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣም። ሁለተኛው ሥዕል ሳይሆን መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የመብራት ግንብ፥ እያንዳንዱ ቋጥኝ፥ እያንዳንዱ ጥልቀት ከነቦታውና ከነጠባዩ በመዝገቡ ተጽፎ ይገኛል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው፤ እርሱም በተከፈተበት ቅጽበት ይሠራዋል። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

የአሜሪካ መንግሥት የባሕር ካርታ ሥራ በ1807 ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ባቋቋሙት የጠረፍ ልኬታ መሥሪያ ቤት የተጀመረ ሲሆን፥ ዛሬ ይህን የሚሠራው በአጭሩ ኖአ የተባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ የሆኑትንና የወረቀት ካርታዎቹን ከ2019 ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየተወ በ2024 መጨረሻ ገደማ ፈጽሟቸዋል። የመዝገብ ካርታዎቹን ግን ማንም ሰው በዓለም ዳርቻ ሆኖ ያለ አንዳች ክፍያ ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ፈቅዷል። ብዙ አገሮች ካርታቸውን ስለሚሸጡና በምስጢር ቍልፍ ስለሚዘጉ ይህ ትልቅ ልግስና ነው። ለእኔም ዕድል ሆኖ የወንድሜ መርከብ ያን ጊዜ የሚሄደው ወደ ኒው ዮርክ ነበር።

ካርታውን የሚከፍተው ፕሮግራም ኦፕን ሲ ፒ ኤን ይባላል። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፥ ዋጋ የማይጠየቅበትና በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፤ የኒው ዮርክን ግዛት ካርታዎች ከኖአ አወረድሁ፤ ታሽገው ስለሚመጡ እሽጉን ፈትቼ በአንድ አቃፊ ውስጥ አስቀመጥኋቸው፤ ከዚያም በፕሮግራሙ ውስጥ ካርታዎቹ ያሉት በዚህ አቃፊ ነው ብዬ አመለከትሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ፕሮግራሙ ካርታዎቹን ወደ ራሱ ቋንቋ ስለሚገለብጣቸው ይዘገያል። የእኛ ኮምፒውተር ይህን ሲያደርግ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ ተሰባብሯል ብዬም ሁለት ጊዜ አጥፍቼው ነበር። እናንተ ግን ታገሡ።

የእያንዳንዱ ካርታ ስም ስምንት ፊደልና ቍጥር የያዘ ነው። መጀመሪያዎቹ ሁለቱ አገሩን ሲያመለክቱ፥ ሦስተኛው ላይ ያለው ቍጥር ደግሞ ከ1 እስከ 6 ሆኖ ካርታው ምን ያህል ዝርዝር እንደ ያዘ ይነግራል። 1 ማለት ውቅያኖስን በጅምላ የሚያሳይ፥ 3 ጠረፉን፥ 5 ወደቡን፥ 6 ደግሞ መርከቡ የሚታሰርበትን ቦታ ሳይቀር የሚያሳይ ነው። የአንድ ሚሊዮን እጅ በተቀነሰ ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር በባሕሩ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ሃያ ሺህ እጅ በተቀነሰው ላይ ግን 20 ሜትር ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጧት ወንድም ጋሼ በስልኩ አጭር መልእክት ላከልኝ። «40 ከ27 ሰሜን፥ 73 ከ50 ምዕራብ፤ ወደቡ አፍ ላይ ነን» ይላል። እናቴን ጠርቼ በኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኋትና ቍጥሮቹን በኩራት ጻፍሁ። መርከቡ የወጣው በኪርጊዝስታን ተራሮች ላይ ነው! ምዕራብ የሚለውን ረስቼ ምሥራቅ አድርጌው ኖሯል። እናቴ «ይኼ ተራራ አይደለም ወይ?» አለችኝ። አርሜ እንደገና ጻፍሁ፤ አሁን ባሕር ላይ ወጣ፤ ነገር ግን ከወደቡ አፍ ሩቅ ነበር።

ይህ ሁለተኛው ስሕተት ብዙ ሰው የሚሠራው ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ወንድሜ የላከው 40 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ማለቱ ነበር። እኔ ግን 40 ነጥብ 27 ዲግሪ ብዬ ጻፍሁ። አንድ ዲግሪ እንደ ሰዓት 60 ደቂቃ እንጂ 100 አይደለምና፥ 27 ደቂቃ በነጥብ ሲጻፍ 0.45 ዲግሪ ይሆናል። ልዩነቱ 0.18 ዲግሪ ነው፤ ይህም በ60 ሲባዛ 10.8 ደቂቃ ይሆናል። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፥ ማለት 1852 ሜትር ስለ ሆነ፥ መርከቡን ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወስጄዋለሁ ማለት ነው። በኬንትሮስ ያጠፋሁትም 20 ደቂቃ ነበር፤ ነገር ግን የኬንትሮስ መሥመሮች ወደ ዋልታ ሲሄዱ ስለሚቀራረቡ በዚያ ቦታ አንዱ ደቂቃ ከሦስት አራተኛ የባሕር ማይል እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህም ወደ ምሥራቅ 15 ማይል ያህል ገፍቼዋለሁ። በክፍል የተማርነውን የፒታጎራስን ሕግ ስትጠቀሙበት ጠቅላላ ስሕተቴ ከ18 የባሕር ማይል በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው ጊዜ ተሳካልኝ። መርከቡ አምብሮዝ በሚባለው የወደቡ መግቢያ ቦይ አፍ ላይ ዐረፈ። ቀይና አረንጓዴ ተንሳፋፊ ምልክቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ። (በአሜሪካ ወደ ወደብ የሚገባ መርከብ ቀዩን በቀኙ ያደርጋል፤ በጅቡቲ ግን ቀዩ በግራ ነው። ዓለም በዚህ ነገር በሁለት ወገን ተከፍሎ እስከ ዛሬ አልተስማማም።) ከዚያ ወደ ሰሜን ስንሄድ በ1964 የተከፈተው የቬራዛኖ ድልድይ አለ። በካርታው ላይ ጠቅ ስታደርጉት ከውሃው በላይ ያለውን ቁመት ይነግራችኋል፤ ከፍ ባለው ውሃ ጊዜ 69 ሜትር ያህል ነው። ኲን ሜሪ 2 የምትባለው ትልቋ የመንገደኞች መርከብ የጭስ መውጫዋ በዚህ ድልድይ ሥር እንዲያልፍ ተብሎ አጠር ተደርጎ ተሠርቷል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳስረዳ ደስ ብሏት ሳለ፥ የምትፈራውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «መርከቡ ውሃ ውስጥ ስንት ይገባል?» እኔም «11 ሜትር ነው ብሎኛል» አልኋት። «በዚያ መንገድ ያለው ውሃስ?» ወደ መስተዋቱ ጐንበስ ብዬ አየሁ። በቦዩ ውስጥ ያሉት ቍጥሮች 8 እና 9 ይላሉ።

ዝም አልሁ። እናቴ ፊቴን አይታ ገባት። የቡናውን ሲኒ አስቀምጣ ተነሣች፤ «በል ንገረው! አሁኑኑ ንገረው!» ማለት ጀመረች። መልእክት ላክሁ፤ መልስ የለም። ወንድሜ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበርና ስልኩን አያይም። አንድ ሰዓት ያህል እናቴ ከበር እስከ መስኮት ስትመላለስ፥ እኔም የካርታውን ቍጥር ደጋግሜ ስቈጥር ቈየን። መልሱ ሲመጣ አንድ መሥመር ብቻ ነበር፤ «በሜትር ነው ወይስ በፋቶም?»

ፋቶም ማለት ድሮ መርከበኞች እርሳስ የታሰረበትን ገመድ ወደ ባሕር ጥለው ሲስቡ፥ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ይለኩበት የነበረ መለኪያ ነው፤ ዛሬ 6 ጫማ ወይም 1.83 ሜትር ያህል ተብሎ ተወስኗል። ፕሮግራሙ ጥልቀቱን በሜትርም፥ በጫማም፥ በፋቶምም ማሳየት ስለሚችል፥ እኔው ራሴ ቅንብሩን ስነካካ ወደ ፋቶም ቀይሬው ኖሯል። 8 ፋቶም 14.6 ሜትር ነው። ከመርከቡ ሥር ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ውሃ ተርፎ ነበር። ወንድም ጋሼ ሳቀብኝ፤ እናቴ ግን ያን ቀን አልሳቀችም።

የእኔ ስሕተት አንዲት እናት አስደነገጠ እንጂ መርከብ አልሰበረም። አሁን ግን መርከብ የሰበረውን ልናገር። ኅዳር 29 ቀን 2014 (በእኛ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ቬስታስ ዊንድ የተባለች የእሽቅድምድም ጀልባ ከኬፕታውን ተነሥታ ወደ አቡ ዳቢ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ትገሠግሥ ነበር። ውድድሩ በመላው ዓለም ዙሪያ የሚደረገው፥ በዚያን ጊዜ የቮልቮ ውድድር ይባል የነበረው ነው። ጀልባዋ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፥ በዘመኑ ካሉት መሣሪያዎች አንዳች ያልጐደላት ነበረች፤ ካፒቴኑ ክሪስ ኒኮልሰን፥ መንገድ መሪው ቩተር ፌርብራክ፥ ሁለቱም የታወቁ ባሕረኞች ነበሩ። ከመሸ በኋላ በሰዓት 19 የባሕር ማይል፥ ማለት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠች ሳለ፥ ከሞሪሸስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ካርጋዶስ ካራጆስ በሚባል የኮራል ቋጥኝ ላይ ወጣች። ማዕበሉ ሌሊቱን ሁሉ ከቋጥኙ ጋር ሲያጋጫት አደረ። ዘጠኙም ሰዎች ከጀልባዋ ወርደው በውሃው ውስጥ በእግራቸው ተሻግረው ዳኑ፤ አልቪሜዲካ የምትባለው ተወዳዳሪ ጀልባም ውድድሯን ትታ በአጠገባቸው ቆማ ጠበቀቻቸው።

ታዲያ ቋጥኙ በካርታው ላይ አልነበረም ወይ? ነበረ። ያውም በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቈጠር ርዝመት ያለው ትልቅ ቋጥኝ ነው። ነገር ግን መንገድ መሪው ጉዞውን ሲያጠና በኮምፒውተሩ ላይ የነበረው የመዝገብ ካርታ ከሩቅ የታየ ነበር። ከሩቅ ሲታይ ፕሮግራሙ የቋጥኙን ሥዕል ትቶ፥ በዚያ አካባቢ ለማንኛውም ጀልባ የሚበቃ ጥልቀት ያለ የሚያስመስሉ ጥቂት ቍጥሮችን ብቻ አሳየ። ቋጥኙ የሚወጣው ካርታውን አቅርቦ ለተመለከተ ሰው ነው። በተጨማሪም በአውሎ ነፋስ ምክንያት የተከለከለው ክልል ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ስለ ተለወጠ፥ በዚህ በኩል ማለፍ አስቀድሞ በደንብ የተጠና አልነበረም። ከአውስትራሊያ የባሕር ኃይል በጡረታ የተገለሉት አድሚራል ክሪስ ኦክስንቡልድና ሁለት ጓደኞቻቸው ጉዳዩን መርምረው በ2015 ያወጡት ሪፖርት ሁለቱንም ወገን ወቅሷል፤ መርከበኞቹ በካርታው አጠቃቀም ጕድለት ነበረባቸው፤ ካርታውም ከሩቅ ሲታይ አደጋውን በሚገባ አላሳየም አለ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ በራሴ ኮምፒውተር ሞከርሁት። በአምብሮዝ ቦይ አጠገብ ሮመር የሚባል ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ጉብታ አለ። በቅርብ ሳየው ጥልቀቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ የማውሱን ጎማ ወደ ኋላ ሳሽከረክር መጀመሪያ ቍጥሮቹ፥ ቀጥሎ ምልክቶቹ፥ በመጨረሻም ጉብታው ራሱ ጠፋ። የጠፋው በብልሽት አይደለም። ብዙው ነገር በመዝገቡ ውስጥ «ከዚህ በላይ ከራቃችሁ አታሳዩኝ» የሚል ቍጥር ተጽፎለታል፤ ያለዚያ መስተዋቱ በቍጥር ተጨናንቆ አንዳች አይነበብም ነበር። የወረቀት ካርታ ሠሪ ቦታ ሲጠበው ከመቶ ቍጥር አሥሩን መርጦ ያስቀራል፤ አደገኛውን ግን አይጥልም። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ልብ የለውም። በእኔ ግምት የዚህ ትምህርት ዋናው ነጥብ ይኸው ነው፤ በቤት ውስጥም ሆነ በባሕር ላይ፥ የተነደፈውን መሥመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በቅርብ እየተመለከቱ መከተል ያስፈልጋል። ረጅምና አሰልቺ ሥራ ነው። በሳሎን ተቀምጦ በዕረፍት ጊዜ መሥራቱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ እንቅልፍ አጥቶ የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነውና።

ካርታው በቅርብ ቢታይም ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ጥር 17 ቀን 2013 ጋርዲያን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ በፊሊፒንስ ቱባታሃ በተባለው የኮራል ቋጥኝ ላይ ወጣች፤ የተከተሉት የኮምፒውተር ካርታ ቋጥኙን ከእውነተኛ ቦታው 8 የባሕር ማይል ያህል አርቆ አስቀምጦት ነበር። መርከቢቱን ከቋጥኙ ለማንሣት ቈራርጦ ከማውጣት በቀር መንገድ አልተገኘም፤ ለተጐዳው ኮራልም አሜሪካ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ከፍላለች። የመዝገብ ካርታ የልኬቱን ታማኝነት በደረጃ ስለሚያሳይ ይህንን መመልከት መልካም ነው። ከሁሉ የላቀው ደረጃ በአምስት ሜትር ገደማ ውስጥ የታመነ ሲሆን፥ ሲ የተባለው ግን እስከ 500 ሜትር ሊሳሳት ይችላል።

በመደብር የሚሸጡትን የቻርትፕሎተር ካርዶች በሚመለከት ብዙ አልልም። ጋርሚን፥ ናቪዮኒክስና ሲ ማፕ የሚሸጧቸው ካርዶች በራሳቸው ቍልፍ የተዘጉ ስለ ሆኑ፥ ካርዱን በኮምፒውተር ውስጥ ስለ ከተቱት ብቻ በሌላ ፕሮግራም አይከፈቱም። ናቪዮኒክስን ጋርሚን በ2017 ገዝቶታል። የመንግሥቱን ካርታ በነጻ ማግኘት ለሚችል ተማሪ ግን ይህ አያሳስበውም።

የወንድሜ መርከብ የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ባልቲሞር ነው ተብሏል። ኖአ ካርታዎቹን በየሳምንቱ ስለሚያርም የዚያን አካባቢ ካርታ አዲሱን አውርጃለሁ። በዚያ ወደብ መግቢያ የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መጋቢት 26 ቀን 2024 ዳሊ የምትባል የዕቃ መርከብ ገጭታው ስለ ወደቀ፥ ከዚያ ቀን በፊት የወረደ ካርታ ድልድዩን እንደ ቆመ ያሳያል። በዚያ አደጋ በድልድዩ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። እርሷም ትናንት ማታ በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ መነጽሯን አስተካከለችና፥ ገና ካርታው ሳይከፈት «በሜትር አድርገኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።